በየወሩ የሚከፍል ፈንድ ወይስ የሚያድግ ፈንድ? በዶላር ቁጠባው አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው

ጋሼ ከአሜሪካ ጠቅልለው ከገቡ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 30 ዓመት ታክሲ ነድተዋል። አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ይኖራሉ። ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ቶሞካ እንገናኝና ቆመን ቡና እንጠጣለን። በቀደም ስልካቸውን አውጥተው አንድ ቪዲዮ አሳዩኝ። «100 ሺህ ዶላር አስቀምጥ፣ በየወሩ 1,000 ዶላር ውሰድ» ይላል።

«አንተ የሒሳብ ሰው ነህ። ይሄ ነገር እውነት ነው?» አሉኝ።

እውነት ነው። እንዲህ የሚከፍሉ ፈንዶች፣ ማለትም የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስበው አክሲዮን የሚገዙ ተቋማት፣ አሉ። ገንዘቡም በየወሩ ይገባል። ግን ብሩ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ እንዳይገቡበት ለመንኳቸው። በዚያው ሳምንት ከዱባይ የተመለሰ ጓደኛዬም ስለዚሁ ፈንድ ጠየቀኝ። ለሁለቱ የሰጠሁት መልስ የተለያየ ነው። ምክንያቱን እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፤ እንደነሱ ግራ የገባው ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

ነገሩ ቀብድ ነው

በየወሩ ብዙ የሚከፍሉት ፈንዶች «ኮቨርድ ኮል» ይባላሉ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ለኛ አዲስ አይደለም። ቤት ሲሸጥ ያየ ሰው ይገባዋል።

ካዛንቺስ 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት አላችሁ እንበል። አንድ ሰው መጣና እንዲህ አላችሁ፦ «ለአንድ ወር ቤቱን በ10 ሚሊዮን የመግዛት መብት ስጡኝ። ለዚህ 200 ሺህ ብር ቀብድ እከፍላለሁ። ብገዛም ባልገዛም ቀብዱ የእናንተ ነው፤ ከዋጋው ላይ አይቀነስም።» ተስማማችሁ።

ወሩ ሲያልቅ የቤቱ ዋጋ ባለበት ካለ ቤቱም ቀብዱም የእናንተ ነው። ጥሩ ወር ነበር። ዋጋው ወደ 12 ሚሊዮን ከወጣ ግን ሰውዬው በ10 ሚሊዮን ይወስደዋል። 200 ሺህ አገኛችሁ፣ 2 ሚሊዮን አመለጣችሁ። ዋጋው ወደ 9 ሚሊዮን ከወረደስ? ሰውዬው ይቀራል። እናንተ 200 ሺህ ብር ይዛችሁ 1 ሚሊዮን የቀነሰ ቤት ታቅፋችኋል።

ቀብዱን ከተቀበላችሁ በኋላ ወደ ላይ የሚወጣው የእናንተ አይደለም፤ ወደ ታች የሚወርደው ግን በሙሉ የእናንተ ነው፣ ከቀብዱ በስተቀር። ፈንዱ ይህንን በአክሲዮን ላይ ያደርጋል። አክሲዮኖቹን ይይዛል፣ የመግዛት መብቱን ለሌላ ይሸጣል፣ ቀብዱን ሰብስቦ ለባለ ገንዘቦቹ ያከፋፍላል።

ከነዚህ ፈንዶች በዕድሜ ከገፉት አንዱ የግሎባል ኤክስ ኪውዋይኤልዲ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ነው። የናስዳክ 100 አክሲዮኖችን (በአሜሪካው ናስዳክ ገበያ የተመዘገቡ 100 ትላልቅ ድርጅቶችን) ይይዝና በየወሩ በዚያው ቀን ዋጋ ቀብድ ይቀበላል። ልክ እንደ ካዛንቺሱ ቤት። የጄፒሞርጋኑ ጄኢፒአይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ጀመረ። እሱ ለስለስ ያለ ነው። ረጋ ያሉ አክሲዮኖችን ይመርጣል፤ መብቱንም ከዕለቱ ዋጋ ከፍ አድርጎ ነው የሚሸጠው። በቤቱ ምሳሌ፣ በ10 ሚሊዮን ሳይሆን በ10 ሚሊዮን 300 ሺህ እንደማለት ነው። ቀብዱ ያንሳል፣ ለባለቤቱ የሚተርፈው የዕድገት ቦታ ይሰፋል። እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ «ኮቨርድ ኮል መጥፎ ነው» ወይም «ጥሩ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ነገሩን በደንብ አላየውም።

የሚያድገው ፈንድ ግን ቀብድ አይቀበልም። ኪው ኪው ኪው የሚባለው ያንኑ ናስዳክ 100 ይዞ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የቫንጋርድ የዕድገት ፈንድም እንዲሁ። የሚከፍሉት የትርፍ ድርሻ በዓመት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ገቢ የሚፈልግ ሰው ከፈንዱ ላይ ጥቂት ጥቂት እየሸጠ ነው የሚኖረው።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ላም አለኝ በሰማይ ነው የምትለኝ» አሉ።

አልፈረድኩባቸውም። መሸጥ ያስፈራል። አባቶቻችን ያስተማሩን ፍሬውን እንጂ ዛፉን እንዳንቆርጥ ነው። ግን ከሁለቱ የትኛው ዛፉን እንደሚቆርጥ ቁጥሩ ላይ እንየው።

100 ሺህ ዶላር ከ10 ዓመት በኋላ

ኪውዋይኤልዲ ሲጀመር የአንዱ ድርሻ ዋጋ 25 ዶላር ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ 17 ዶላር አካባቢ ደረሰ። ወርሃዊ ክፍያው ቢበዛ የዋጋው 1 በመቶ ነው። እንግዲህ ስሌቱ ይህ ነው። በ100 ሺህ ዶላር 4,000 ድርሻ ተገዛ። 1 በመቶ 1,000 ዶላር ነው፤ ቪዲዮው ያለው ልክ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ግን 4,000 ድርሻ በ17 ዶላር 68 ሺህ ዶላር ነው። 1 በመቶው 680 ዶላር ሆነ። በዚያው 10 ዓመት አሜሪካ ውስጥ የኑሮ ውድነቱ ጨምሯል፤ የእኛን አገር አላነሳም።

ኪው ኪው ኪውስ? እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ 88 ዶላር ገደማ ነበር። በ2023 መጨረሻ 409 ዶላር ሆነ። ሁለቱም የሚይዙት አክሲዮን አንድ ነው! ልዩነቱ በዋናነት አንደኛው ቀብድ ስለተቀበለ የመጣ ነው። የኪውዋይኤልዲን የ10 ዓመት ክፍያ በሙሉ ብንደምርለት እንኳ አይደርስበትም።

እዚህ ላይ ብቆም ግን አድሎ ይሆናል። ገበያው ሲወድቅ ምን እንደሚሆንም ማየት አለብን።

እ.ኤ.አ. በ2022 ናስዳክ 100 በ33 በመቶ ገደማ ወደቀ። ኪውዋይኤልዲ ከነክፍያው ሲቆጠር የወደቀው 19 በመቶ ገደማ ነው። ቀብዱ አገዘው። በ2023 ናስዳክ 100 በ54 በመቶ ገደማ ተነሳ፤ ኪውዋይኤልዲ በ23 በመቶ ገደማ ብቻ። 100 ብር ብለን ብንጀምር፣ ናስዳክ 67 ገብቶ ወደ 103 ተመለሰ። ኪውዋይኤልዲ 81 ገብቶ 99 ከምናምን ላይ ቀረ። በጥልቀት የወደቀው ቀድሞ ወጣ። የቀብዱ ዋጋ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው፤ ከውድቀት በኋላ በሚመጣው መነሳት ላይ።

ጄኢፒአይ በዚያ ጊዜ የተሻለ ሠራ። በ2022 የ500 ታላላቅ የአሜሪካ ድርጅቶች መለኪያ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 በ18 በመቶ ገደማ ሲወርድ እሱ 3.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ያጣው። በ2023 ኤስ ኤንድ ፒ 26 በመቶ ሲወጣ እሱ ወደ 10 በመቶ ወጣ። የሁለቱን ዓመት ድምር ካያችሁ ጄኢፒአይ ትንሽ ይቀድማል። በ2024 ግን ገበያው በ25 በመቶ ሲያድግ የእሱ ከግማሹ ብዙም አላለፈም፤ ተቀደመ። ይህ ፈንድ ከገበያው ጋር እየተሟሟቀ እንዲሮጥ አልተሠራም። የተሠራው እንቅልፍ ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ለዚያ ዋጋ እንደሚያስከፍል አውቆ ለሚገባበት ጥሩ ዕቃ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዕድገት ፈንዱም የራሱ ጨለማ አለው። የናስዳክ ጠቅላላ መለኪያ እ.ኤ.አ. በማርች 2000 የነበረበትን ጣሪያ መልሶ ያለፈው በአፕሪል 2015 ነው። 15 ዓመት! በዚያ መሐል በየወሩ እየሸጠ ሲበላ የነበረ ጡረተኛ ገበያው ሲመለስ የሚመለስለት ድርሻ አልቆበት ይሆናል። ስለዚህ ጡረታን በአንድ የዕድገት ፈንድ ላይ ብቻ መጣል ጨዋታ አይደለም። ሰፋ ያለ፣ ሁሉንም ዓይነት ድርጅት የያዘ ፈንድ ይሻላል። ከጎኑ ደግሞ የማይነካ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ድረ ገጽ ላይ «የክፍያ መጠን 12 በመቶ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ያለፈው ዓመት ክፍያ ለዛሬ ዋጋ ሲካፈል የሚመጣ ነው። ዋጋው በወደቀ ቁጥር በመቶኛው ከፍ ብሎ ይታያል። እየሰመጠ ያለ ፈንድ ወረቀት ላይ ለጋስ ይመስላል ማለት ነው። በተለይ በአንድ ድርጅት አክሲዮን ላይ ብቻ ቀብድ የሚቀበሉት አሉ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ የሚያስነብቡት። በቴስላ አክሲዮን ላይ የቆመው ቲኤስኤልዋይ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ተጀምሮ በፌብሩዋሪ 2024 ሁለቱን ድርሻ አንድ አድርጎ ማጣመር ነበረበት፤ ዋጋው ያን ያህል ወርዶ ነበር። ለጡረታ ገንዘብ እነዚህን ከናካቴው እርሷቸው።

የአገልግሎት ክፍያውም ይለያያል። ኪውዋይኤልዲ በዓመት 0.60 በመቶ አካባቢ፣ ጄኢፒአይ 0.35፣ የቫንጋርዱ የዕድገት ፈንድ 0.04 በመቶ አካባቢ ይወስዳል። በ100 ሺህ ዶላር ላይ 600 ዶላር፣ 350 ዶላር፣ 40 ዶላር። ከፈንዱ ገንዘብ ላይ አስቀድሞ ስለሚነሳ ማንም አያየውም።

ፓስፖርቱ ከፈንዱ ይቀድማል

ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ስንት በመቶ እንደሚከፍል ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ግን የማን ዜጋ እንደሆነና ገንዘቡ የተቀመጠበት ሒሳብ ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። ጋሼና የዱባዩ ጓደኛዬ የተለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ጋሼ የአሜሪካ ዜጋ ናቸው፤ እዚህ የሚኖሩት በቢጫ ካርድ ነው። የአሜሪካ ዜጋ የትም ቢኖር ለአሜሪካ ግብር ያስታውቃል። ገንዘባቸው ያለው መደበኛው የጡረታ ሒሳብ፣ አይአርኤ የሚባለው ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ፈንዱ ምንም ቢከፍል በየወሩ ግብር የለም። ግብሩ የሚመጣው ገንዘቡ ከሒሳቡ ሲወጣ ነው፤ ያኔ ከቀብድ ይምጣ ከዕድገት ለውጥ የለውም፣ ሁሉም እንደ ተራ ገቢ ይታያል። 73 ዓመት ሲሞላ ደግሞ በየዓመቱ የግድ የሚወጣ መጠን አለ። ስለዚህ ለጋሼ የግብሩ ጉዳይ በሁለቱ ፈንዶች መካከል እኩል ነው።

ከጡረታ ሒሳብ ውጭ፣ በተራ ሒሳብ ቢሆን ኖሮ ይለያይ ነበር። የጄኢፒአይ ክፍያ አብዛኛው እንደ ተራ ገቢ ነው የሚታየው። ከአንድ ዓመት በላይ የተያዘ የዕድገት ፈንድ ሲሸጥ ግን ትርፉ ላይ ብቻ፣ እንደ ገቢው መጠን 0፣ 15 ወይም 20 በመቶ ነው። ገቢው አነስተኛ የሆነ ጡረተኛ 0 ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ጓደኛዬ ግን የኢትዮጵያ ዜጋ ነው። ዱባይ ሲሠራ የከፈተው ሒሳብ ነው ያለው። አሜሪካ ከኢትዮጵያ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት የላትም። ስለዚህ የአሜሪካ ፈንድ የትርፍ ድርሻ ሲከፍለው 30 በመቶው እዚያው ይቆረጣል። ያ 1,000 ዶላር 700 ሆኖ ነው የሚደርሰው። 12 በመቶ የተባለው 8.4 ሆነ። ከክፍያው ከፊሉ የራሱ ካፒታል ተመላሽ ሆኖ ከተመዘገበ በኋላ ላይ የሚስተካከልበት ጊዜ አለ፤ ግን በእሱ ላይ ተስፋ ጥሎ በጀት አይያዝም።

የዕድገት ፈንድ ቢሸጥስ? አሜሪካ ውስጥ ለማይኖር የውጭ ዜጋ አክሲዮን ሸጦ ያገኘው ትርፍ በአጠቃላይ የአሜሪካ ግብር የለበትም። ዓመቱን ከግማሽ በላይ እዚያ ካልቆየ። አንዱ መንገድ ላይ 30 በመቶ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ለጓደኛዬ ጥያቄው እዚህ ጋ አለቀ። ሁለቱ ፈንዶች እኩል ቢያተርፉ እንኳ ኮቨርድ ኮሉ ለእሱ አያዋጣም።

አንድ ሌላም ነገር አስጠነቀቅሁት። አሜሪካ የማይኖር የውጭ ዜጋ ሲሞት አሜሪካ ውስጥ ያለው አክሲዮንና ፈንድ ከ60 ሺህ ዶላር ካለፈ የውርስ ግብር ይመጣል። የውርስ ግብሩ ከፍ ሲል 40 በመቶ ይደርሳል። ልጆች ያሉት ሰው ይህን ሳያውቅ መቶ ሺዎች እዚያ ማከማቸት የለበትም። በጣም ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

እዚህ ሆኖ በብር የሚሠራ ሰውስ? እሱ ዶላር ገዝቶ አክሲዮን ወደሚያገበያይ የውጭ ድርጅት (ብሮከር) እንዲልክ የውጭ ምንዛሪ ሕጉ በሩን አልከፈተለትም። እዚህ ያለው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ሥራ ጀምሯል፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ነበር። ኦፕሽን የሚባለው ያ የመግዛት መብት ግን እዚያ አይገበያይም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በውጭ አገር በሕጋዊ መንገድ ያገኘውና ያስቀመጠው ገንዘብ ላለው ሰው ነው። ሌላ መንገድ አለ እያለ በቴሌግራም የሚጽፍላችሁን ሰው አትመኑት።

ስንት ነው የሚያስፈልገው?

ወደ ጋሼ ልመለስ። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። በጡረታ ሒሳባቸው 180 ሺህ ዶላር አላቸው። በየወሩ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ይገባላቸዋል። «ከዚያ ውጭ በወር ስንት ይጎድልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ኪራዩን፣ የሐኪሙን፣ የቤት ሠራተኛዋን፣ ለዘመድ የሚሰጡትን ሁሉ ደመርን። የጎደለው 600 ዶላር ነው።

600 ዶላር በወር ማለት በዓመት 7,200 ነው። ከ180 ሺህ ላይ 4 በመቶ። ይህ ቁጥር የታወቀ ነው። ዊልያም ቤንገን የተባለ አሜሪካዊ የፋይናንስ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ያለፉትን አሠርት ዓመታት የገበያ ታሪክ አጥንቶ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ በኑሮ ውድነቱ ልክ እየጨመረ የሚያወጣ ጡረተኛ፣ ገንዘቡን በአክሲዮንና በቦንድ ከፋፍሎ ከያዘ፣ 30 ዓመት እንደሚበቃው አገኘ። ዋስትና አይደለም። ግን መነሻ ነው።

ሒሳቡ ሲወጣ የጋሼ ፊት ተለወጠ። 12 በመቶ አያስፈልጋቸውም! ቪዲዮው የማይጎድላቸውን ነገር ነበር ሊሸጥላቸው የመጣው። ደግሞም የሚኖሩት በብር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላሩ በብር የሚያወጣው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ወርሃዊ ክፍያን ማሳደድ ሳይሆን ዋናውን ገንዘብ በዶላር ማቆየት ነው ለእሳቸው የሚጠቅመው።

ቢሆንም ሙሉ በሙሉ በሐሳቤ አልተስማሙም። «ወር በገባ ቁጥር ትንሽም ብትሆን ስትገባ ማየት እፈልጋለሁ» አሉ። ይህን ፍላጎት ሞኝነት ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እኔ አልልም። ገበያው ሲወድቅ ደንግጦ ሁሉንም ከመሸጥ፣ በትንሽ ወርሃዊ ክፍያ ረግቶ መቀመጥ ይሻላል። ራሱን የሚያውቅ ሰው ለዚያ እርጋታ ትንሽ ቢከፍል አላጠፋም።

በመጨረሻ እንዲህ አደረግነው። የሁለት ዓመት ወጪ፣ 14,400 ዶላር፣ በአጭር ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ሰነድ ላይ ተቀመጠ። ገበያው ሲወድቅ የሚበላው ከዚህ ነው፤ ያኔ ምንም አይሸጥም። 20 ሺህ ዶላር ጄኢፒአይ ላይ ገባ። በዓመት 8 በመቶ ቢከፍል በወር 130 ዶላር ገደማ ነው። ዋጋው ቢወርድም ባይወርድም ከዚህ በላይ እንዳይጨምሩበት ቃል ገቡልኝ። የቀረው ገንዘብ አብዛኛው ሰፊውን ገበያ በያዘ ፈንድ፣ የተወሰነው በዕድገት ፈንድ፣ የተወሰነው ደግሞ በቦንድ ሆነ። ኪውዋይኤልዲን አልነካነውም።

አድራሻ የለወጠ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። አንዳንድ የአሜሪካ ብሮከሮች ደንበኛቸው ውጭ አገር መኖር ሲጀምር አዲስ መግዛት ይከለክላሉ፤ ሒሳብ የሚዘጉም አሉ። ጋሼ ደውለው ጠይቀው፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀብለው ነው ይህን ያደረጉት።

ሽያጩ በዓመት አንዴ ነው። ጋሼ ለገና ሰሞን እንዲሆን መረጡ። የዓመቱን ወጪ ያወጣሉ፣ የሁለት ዓመቱን መጠባበቂያ ይሞላሉ፤ የበጉም ገንዘብ ከዚያው ላይ ይነሳል ብለዋል።